ካሴት ያልበቃው ስም

ባለፈው ሳምንት ሓወልቲ አካባቢ አንዲት ወረቀት ለማስፈረም ስንከራተት ውዬ ወደ ቤቴ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። የመቐለን የክረምት ዝናብ አመል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ሙሉ ሰማዩ ጥርት ብሎ ይቆይና ሰው ጃንጥላውን ቤት ትቶ መውጣቱን አይቶ የሚወርድ ነው የሚመስለው። እየሮጥኩ ያገኘሁት ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ የግራና የቀኙን ላስቲክ አውርዶ ዚፑን ሳበና ሁለታችንንም አሸገን። መቶ ሜትር እንኳ ሳንሄድ ጎርፉ መንገዱን ሞላው። ከፊታችን ሚኒባስ፣ ከኋላችን የጭነት መኪና፤ ወደየትም ንቅንቅ የለም። በላስቲኩ ውስጥ ደብዘዝ ብላ የምትታየኝ አንዲት በለስ ሻጭ ብቻ ነበረች፤ ሳፋዋን በማዳበሪያ ሸፍና ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች።

«እንግዲህ መታገስ ነው ኣቦይ» አለኝ ሾፌሩ። ወሬያችን በትግርኛ ነበር፤ እኔ የምጽፈው ግን እናቴ ባሳደገችኝ ቋንቋ ነው። ጊዜ እንዲያልፍልን ብሎ ዘፈን ከፈተ። የመጀመሪያው ዜማ ሲመጣ ቀና አልኩ።

«አወቁት? የድሮ ዘፈን ነው፤ ልጆች እንደገና ሠርተውት» አለኝ በመስታወቱ እያየኝ። «የድሮውንም ሰምቼዋለሁ። ቀርፋፋ ነው፣ ሰው ያስተኛል። ይኼኛው ይሻላል።»

«የድሮውን የዘፈነው ማን ነው?» አልኩት፤ ምን ቆርጦኝ እንደጠየቅሁ እንጃ።

«ሰይድ የሚባል ሰው ነው አሉ። ይኑር ይሙት አላውቅም።»

ሰይድ እኔ ነኝ። አለሁ። መረሳቴ ብዙ አልከበደኝም፤ ቀርፋፋ መባሌ ግን ከነከነኝ፤ እኔ በዘመኔ የምታማው በጥድፊያ ነበርና። ከዚያ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ መጣብኝ፤ ዘፈኑ የኔ አይደለም። ይህን ለማንም አፌን ሞልቼ ተናግሬ አላውቅም። ወርጄ እንዳልሄድ ጎርፍ ነው፤ ተቀምጬ ከመስማት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ወድቄያለሁ። አባቴ ከወሎ ጨርቅ ተሸክሞ መጥቶ መቐለ የቀረ ነጋዴ ነው፤ እኔም ጨርቅ እየለካሁ እንድኖር ነበር ሐሳቡ። እኔ ግን ሙዚቃ ቤት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ አያ ተኽላይ ይባላል፤ ቁጡ፣ ግን ክፋት የሌለበት ሰው ነው። ሥራዬ ካሴት መቅዳት ነበር። ደንበኛ የሚወዳቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፎ ያመጣል፣ እኔ ከየካሴቱ እየለቀምኩ በአንድ ባዶ ካሴት ላይ አሰልፍለታለሁ፣ የዘፈኖቹን ስም በእጅ ጽሑፌ ሽፋኑ ላይ እጽፋለሁ።

በዚህ ሥራ አንድ ራስ ምታት ነበረ። የካሴቱ አንዱ ገጽ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ተኩል ትተርፋለች። ባዶዋን ከተውካት ደንበኛው ተታለልኩ ይላል። ሌላ ዘፈን ከጀመርክባት መሐል ላይ ቀጭ ትላለች፤ ያኔ ደግሞ ስድቡ አይጣል ነው። አያ ተኽላይ «ባዶ ካሴት ከዚህ ቤት አይወጣም» ይል ነበር፤ በምን እንደምሞላት ግን አይነግረኝም።

ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረች። ግድግዳዋ በእንቁላል መያዣ ካርቶን የተለበጠ ነው፣ ድምፅ እንዲውጥ ተብሎ። ማስታወቂያ የምንቀዳው እዚያ ነበር። የበሩ እጀታ ከውስጥ በኩል ተሰብሮ ስለነበር ያለው ከውጭ ብቻ ነው፤ እየቀዳሁ ሳለ ሰው ዘው እንዳይልብኝ አያ ተኽላይ ከውጭ ይቀረቅርብኛል። አንዳንዴ ወሬ ይዞት ይረሳኛል። በጥር የፀሐይ ግለት እዚያ ውስጥ አንድ ሰዓት መቆየት ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የሞቀ ካርቶን ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

አሁን ወደ መምህር ካሕሳይ ልምጣ። ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ ያስተማረኝ ሰው ነው። በወጣትነቱ ደሴ ተመድቦ ሲያስተምር እታገኝ የምትባል ልጅ አገኘ፣ አገባት፣ መቐለ ይዟት መጣ። ትግርኛ ሳትችል መጥታ፣ ችላ፣ ጎረቤቱን ሁሉ አስክራ በወሬ፣ ልጃቸው ንግሥቲ ሰባት ዓመት ሲሆናት ሞተች። መምህር ሌላ አላገባም። ዘፈን ጻፈላት፤ በአማርኛ፣ በእሷ ቋንቋ። ክራር የሚመታ ጓደኛ ነበረው፤ ከሌሎች አራት አምስት ዘፈኖች ጋር ካሴት አሳተመና ሠላሳውን እኛ ሱቅ አስቀመጠ።

አልተሸጠም። ምን ላድርግ፣ እውነቱን ልናገር። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ዘፈኑ ከስድስት ደቂቃ ያልፋል፣ ክራሩም ከእሱ ጋር እየቆመ ነው የሚሄደው። የእታገኝ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ የሚደርስ አድማጭ አልነበረም። ካሴቶቹ መደርደሪያው ላይ አቧራ ሲጠጡ መምህር በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ዐይኑን ጣል አድርጎባቸው ይሄዳል። ስለ ሽያጩ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

እኔ ግን ዘፈኑን እወደው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉረው እውላለሁ። አንድ ቀን የአንዱ ደንበኛ ካሴት ሁለት ደቂቃ ተኩል ሲተርፈኝ ምን አደረግሁ፤ ክፍሏ ውስጥ ገባሁ፣ ለማስታወቂያ ማጀቢያ የተቀመጠው ኦርጋን ላይ የሠርግ ምት ከፈትኩ፣ ማይኩን ያዝኩና የመምህርን ዘፈን ራሴ ዘፈንኩት። ስድስቱን ደቂቃ በሁለት ተኩል ለማድረስ መሮጥ ነበረብኝ።

ከደሴ ሳመጣሽ መንገዱ ረዝሞ፣
ስትሄጂብኝ ጊዜ አጠረብኝ ደግሞ።

ይህንና ሌሎች ሁለት ስንኞች ዘፈንኩ። ስሟ ያለበት የመጨረሻው አልደረሰም፤ ካሴቱ ሊያልቅ ነው። ወሩ ጥር ነው፣ ሰው ሁሉ የሠርግ ዘፈን ነው የሚጠይቀኝ፤ በየስንኙ መጨረሻ «ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ» እያልኩ ዘጋሁት። ሲያልቅ ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ፣ ልክክ ብሎ ገባ። በጣም ነበር ደስ ያለኝ።

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ። በሳምንቱ ሰውየው ተመልሶ መጣና «ያቺን መጨረሻ ላይ ያለችውን ለወንድሜም ቅዳለት» አለ። ከዚያ የወንድሙ ጓደኛ፣ ከዚያ የጓደኛው ጓደኛ። ሰው ካሴቱን ሙሉ እያሳለፈ መጨረሻዋን ብቻ ይሰማ ጀመር። ከወር በኋላ ታክሲው፣ ጁስ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ እሷን ነው የሚያሰማው። ለሠርግ ይጠሩኝ ጀመር። ስሜም ጠፋ፤ መንገድ ላይ «ሙሽራዬ» ነው የምባለው። አባቴ እንኳ ገበያ ውስጥ «የሙሽራዬ አባት» ተባለና ሦስት ቀን አኮረፈኝ።

መምህር የሰማ ዕለት እኔ እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀርቅሮብኝ ነበር። ድምፁን በበሩ ስንጥቅ ሰማሁት።

«ተኽላይ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ተማሪዎቼ የሚዘፍኑት ዘፈን አለ። የማውቀው መሰለኝ።»

አያ ተኽላይ ማለሳለስ የሚባል ነገር አያውቅም። «ያንተ ነው መምህር። ሰይድ አሳጥሮ ዘፈነው። ሕዝቡ የሱን ወደደ፣ ምን ይደረግ» አለ፣ ብሎም አልቀረ ካሴቱን ከፈተለት። የገዛ ድምፄ ግድግዳውን አልፎ ሲመጣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። በሩን ልገፋ እጀታ የለው፤ ልጮህ አፌ አልታዘዝ አለኝ። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያን ያህል ትረዝማለች ብዬ አስቤ አላውቅም። ሲያልቅ መምህር «ልጁን ክፈትለት» አለ።

በሩ ሲከፈት ላቤ በላቤ ሆኜ ቆሜያለሁ። ይቆጣኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

«የመጨረሻው ስንኝ የት ሄደ ሰይድ?»

«ካሴቱ አልበቃ ብሎ ነው መምህር።»

ትንሽ ፈገግ አለ። «ዕድሜም አልበቃት፣ ካሴትም አልበቃት» አለና ወጣ። ይህቺን ቃል ይኸው እስከ ዛሬ ተሸክሜያት አለሁ።

ነገሩን ለማስተካከል ሞክሬያለሁ፤ አልሞከረም እንዳትሉኝ። በቀጣዩ ሳምንት እንዳ ኢየሱስ አካባቢ አንድ ሠርግ ላይ ዘፈኑን ከነሙሉ ግጥሙ፣ በመምህር ዝግታ ጀመርኩት። ጭፈራው ቆመ። ሰዎቹ እርስ በርስ ማውራት ጀመሩ። አንዲት እናት በወፍራም ነጠላቸው ተከናንበው መጡና ጆሮዬ ላይ «ወደይ፣ ልጄ፣ ማን ሞተ? ያንተን ዝፈንልን እንጂ» አሉኝ። ኦርጋን የሚጫወተው ጓደኛዬ ዐይኔን እንኳ ሳያይ የሠርጉን ምት ከፈተው። ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ። ሌላ ዘፈን ስጀምር እሷን ይላሉ፣ እሷን ስጨርስ ድገማት ይላሉ። የራሴ ናቸው ያልኳቸው ሦስት ዘፈኖች ነበሩኝ፤ አንዳቸውንም ከመጀመሪያው ስንኝ ያሳለፈኝ ሰው የለም። ከካርቶኗ ክፍል ወጥቼ ዘፈኑ ውስጥ ተቀረቀርኩ፤ የዚህኛው እጀታ ደግሞ በሕዝቡ እጅ ነው።

በዓመቱ፣ ጥር ሊገባ ሲል፣ የመምህር ልጅ ንግሥቲ ሱቃችን መጣች። ልታገባ ነው። አባቷን የምትመስል ቀጭን ልጅ ናት፤ ሳቋ ግን የእናቷ ነው ይሉ ነበር። ሠርጓ ላይ እንድዘፍን ጠየቀችኝ። ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት፣ አፈርኩ።

«ስማኝማ» አለችኝ። «የአባቴን ስሰማ የምትታየኝ የታመመች እናቴ ናት። ያንተን ስሰማ የምትጨፍር እናቴ ትታየኛለች። እኔ ያንተን ነው የምፈልገው። ግን ስሟን መልስልኝ። ሙሽራዬ የምትልበት ላይ እታገኝ በልልኝ። አባቴም ይስማ።»

«እሺ» አልኳት። ምን ይከብዳል? አንድ ቃል ነው። እዚያች ክፍል ገብቼ ሳምንት ሙሉ ተለማመድኩ። እታገኝ፣ እታገኝ። ለብቻዬ ስሆን አንድም ቀን አልሳትኩም።

ሠርጉ ቃላሚኖ በኩል፣ መምህር ቤት ደጃፍ በተጣለ ዳስ ነበር። የጥር ነፋስ ሸራውን እያርገበገበ አቧራውን ወጡ ላይ ይበትነዋል፣ ሴቶቹ ድስቱን በነጠላቸው ይከልላሉ። ገና ስገባ መምህር እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ለእኔና ለሁለት ሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ ፍየል አሳርዷል፤ አራጁ ሙስሊም፣ ድስቱ አዲስ፣ ያበሰለችውም የጎረቤቱ ሚስት። «ሳትበላ እንዳትሄድ» አለኝ። ያን ሁሉ ካደረግሁበት በኋላ ይህን ማሰቡ አንጀቴን በላው።

ተራዬ ደረሰ። ገና ምቱ ሲጀምር ዳሱ ተነሣ። ሰው ትከሻውን ይዞ መሐል ገባ። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረስኩ፤ ስሟ ምላሴ ላይ ነበር። ሁለት መቶ ሰው ግን ቀደመኝ፤ «ሙሽራዬ» አለ፣ አፌም ተከተለው። ግድ የለም፣ ሁለት ጊዜ ይቀረኛል አልኩ። በሁለተኛው ዐይኔን ጨፈንኩ፣ ማይኩን ጨበጥኩ፤ አሁንም «ሙሽራዬ» አልኩ፣ የገዛ ጆሮዬ እየሰማ። በሦስተኛው ከምሳሳት ብዬ አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ሕዝቡ ሞላልኝ። ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ። ንግሥቲ የሙሽሮቹ ወንበር ላይ መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ኦርጋኑ ቆመ፣ እልልታው ቀለጠ። በዚያ መሐል መምህር ካሕሳይ ከተቀመጠበት ተነሣ። አንድ እጁን ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አደረገ። ማይክ የለው፣ ክራር የለው፣ በዚያ ቀጭን ድምፁ የመጨረሻውን ስንኝ አወጣው።

ስምሽን ልጥራና በሩ እንኳ ይስማኝ፣
ማንም ባይመልስ እታገኝ፣ እታገኝ።

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር፤ የሚቀልድ መስሎት። ኦርጋን ተጫዋቹ ሊያጅበው ፈልጎ ምቱን ከፈተ፣ አልሄድ ሲለው አጠፋው። ከዚያ ሰዉ አጨበጨበ፣ የፕሮግራሙ አካል መሰለው። ንግሥቲ ቬሏን ሰብስባ ተነሥታ ሄዳ አባቷን አቀፈችው። በዚያ ዳስ ውስጥ የሆነውን የምናውቅ ሦስት ሰዎች ብቻ ነበርን።

ሹልክ ብዬ ልወጣ ስል መምህር በሩ ላይ ያዘኝ።

«በላህ?»

«በላሁ መምህር።»

«አልበላህም። ና።»

ሳህኑን አስመጣ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። እሱ የፍየሉን ሥጋ አይበላም፤ እስክጨርስ ግን አልተነሣም። በመጨረሻ «ሕዝቡ ያንተን ወደደ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አልፈርድበትም። እኔም ያንተን ነው የምወደው። እሷም ብትሰማው ትወደው ነበር፣ ጭፈራ ነፍሷ ነው። ስሟ ብቻ ነበር የቀረው።»

ጥር ሲያልቅ ዘፈን ተውኩ። አያ ተኽላይ «አበድክ» አለኝ፣ አባቴ ደስ አለው። አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ገባሁና እዚያው አረጀሁ፤ ባልደረቦቼ እስክሰናበት ድረስ «ሙሽራዬ» ነበር የሚሉኝ። መምህር በስተርጅና ዓዲግራት ልጁ ዘንድ ሄደ። የሞተው መንገዱም ስልኩም ባንኩም በተዘጋበት በዚያ ዘመን ነው። መርዶው የደረሰኝ ስልክ ሲከፈት፣ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያወራችኝ ንግሥቲ ናት። ቁጣ የለባትም። የመምህር ካሴት አንዱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የማጫውትበት ግን የለኝም።

ይኸው ባጃጁ ውስጥ የልጆቹ ዘፈን እየሄደ ነው። እውነት ለመናገር ቆንጆ ነው፤ ከኔ ይሻላል። ቂም የለኝም፤ ሰው የሚወደውን ይወዳል፣ የመጀመሪያውን እንዲወድ ማንም አያስገድደውም። እኔ የምጠብቀው መጨረሻውን ነበር። ልጆቹ ምናልባት፣ ምናልባት ከአንድ ቦታ የመምህርን ካሴት አግኝተው ይሆናል እያልኩ። ዘፈኑ ሊዘጋ ሲል ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

ሙሽራዬ፣ ሙሽራዬ።

«ድገመው እስቲ» አልኩት ሾፌሩን። ደገመው። ዝናቡ አላባራም። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እኔም ከልጆቹ ጋር አወጣሁት፣ ድምፄ ሻክሮ፦ «እታገኝ፣ እታገኝ።» ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘገየ ቃል ነው፤ ሲወጣ ግን አንድም ነገር አላደናቀፈውም።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። ሳቁን በአክብሮት ያዘው።

«ተሳሳቱ ኣቦይ። ቃሉ ‹ሙሽራዬ› ነው።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ሰይድ ማለት እኔ ነኝ።»

ዞር ብሎ በደንብ አየኝ። ማመኑን እንጃ። «እና እታገኝ ማን ናት?» አለኝ።

«የተዘፈነላት ሴት።»

እጁን ሰደደና ዘፈኑን አጠፋው። ጎርፉ አልጎደለም፤ ከደሴ ጀምሬ ነገርኩት።